ጥለው የወጡትም አይተዋል

ሰሞኑን ስለ አንድ የሙከራ ቲያትር የተጻፈ ትችት አነበብኩ። ተውኔቱ የአየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት የሳሙኤል ቤኬት «እኔ አይደለሁም» ነው። የአንዲት ሴት ሕይወትና አእምሮ ውሉ ሲጠፋ የሚያሳይ አጭር ሥራ። የትችቱ ጸሐፊ ስለ ተውኔቱ ብዙ አላሉም። ያተኮሩት ተመልካቹ ላይ ነው። ማን ተነስቶ ወጣ፣ ማን ሳቀ፣ ማን አጠገቡ ያለውን ሰው «ምንድን ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀ፣ ጭብጨባው ምን ያህል ቀዘቀዘ። ይህን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ ብይን ሰጡ። ተመልካቹ አልተቀበለውም፣ ስለዚህ ተውኔቱ ከሽፏል።

ተመልካቹን ማየታቸውን ወድጄዋለሁ። ስለ ቲያትር ሲጻፍ ደራሲው ይወደሳል፣ አዘጋጁ ይተቻል፣ ተዋንያኑ ይነሳሉ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ይረሳል። እሳቸው አልረሱትም። የማልስማማው ካዩት ነገር ተነስተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው። የተመልካች ስሜት እንደ ምርጫ ድምፅ ተቆጥሮ አሸናፊና ተሸናፊ አይለይበትም። ይሄ ተውኔት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ላላየው ሰው ተውኔቱን ባጭሩ ልንገር። መድረኩ ድፍን ጨለማ ነው። ከወለሉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ አንድ አፍ ብቻ ይታያል። ዓይን የለም፣ እጅ የለም። ከንፈር፣ ጥርስና ምላስ ብቻ። አፉ ትንፋሽ በሚያሳጥር ፍጥነት ያወራል። የሚያወራው ሰባ ዓመት ገደማ ስለሆናት አንዲት ሴት ነው። ያለ ጊዜዋ ተወለደች። እናትና አባቷ ጥለዋት ሄዱ። ዕድሜዋን ሙሉ ሳትናገር ኖረች ማለት ይቻላል። አንድ የሚያዝያ ማለዳ ሜዳ ላይ ስትሄድ ድንገት ሁሉ ነገር ጨለመባት። ጭንቅላቷ ውስጥ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ጀመረ። ከዚያ ታፍኖ የኖረው ቃል ሁሉ ወጣ። ማቆም አልቻለችም። ከመድረኩ ጥግ ደግሞ ከራስ እስከ እግሩ የተሸፈነ፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ አንድ ሰው ቆሞ ያዳምጣል። አለቀ፣ ይሄው ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ የተጫወተችው ጄሲካ ታንዲ ናት። በ1973 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቢሊ ዋይትሎ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት ቲያትር ተጫወተችው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

የጸሐፊው ትልቁ ማስረጃ ሰዎች ጥለው መውጣታቸው ነው። ሩብ ሰዓት ለማይሞላ ነገር ሰው መታገሥ ካቃተው ጥፋቱ የተውኔቱ ነው ይላሉ። እኔ ግን ራሱ ርዝመቱ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ሰው የሰለቸውን አጭር ነገር ጥሎ አይወጣም። ስልኩን ያወጣል፣ ያንቀላፋል፣ «አሁን ያልቃል» ብሎ ይጠብቃል። በጨለማ የሰው ጉልበት እየረገጠ፣ ይቅርታ እየጠየቀ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ነክቶታል። ቤኬት ለታንዲ የነገራት ይታወቃል። ተውኔቱ በተመልካቹ አእምሮ ላይ ሳይሆን በነርቩ ላይ እንዲሠራ ነበር የፈለገው። በወጡት ሰዎች ነርቭ ላይ ተውኔቱ ሥራውን ሠርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይመጣል። ሰው ቢወጣም ተሳካ፣ ቢቀመጥም ተሳካ ካልን፣ ተውኔቱ ወድቋል የሚባለው መቼ ነው? መልስ አለኝ። ተዋናይቷ እንዲገባን ብላ ፍጥነቷን ብትቀንስ ያኔ ይወድቃል። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ተመቻችተን ተቀምጠን ብንከታተል፣ ሲያልቅ «ምስኪን» ብለን ወደየጉዳያችን ብንሄድ፣ ያኔ በእርግጥ ወድቋል። ጸሐፊው ስለዚያ ምሽት የጻፉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰው ተቁነጥንጧል፣ ተናዷል፣ ወጥቷል፣ ውጭ ቆሞ ተከራክሯል። በሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ግድ ያልሰጠው ሰው አንድም አላገኘሁም።

የተመልካች እምቢታ ፈራጅ ቢሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ ታሪክ አሳይቶናል። የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጣው «የአሻንጉሊት ቤት» ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። በማግስቱ ዓመት ጀርመን ውስጥ ልትጫወተው የነበረችው ተዋናይት «እኔ ልጆቼን ጥዬ አልሄድም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ብሎ ራሱ ሁለተኛ መጨረሻ ጻፈ። ኖራ ወደ ልጆቿ መኝታ በር ትወሰዳለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ትቀራለች። እሱ ራሱ ያንን መጨረሻ በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ የአረመኔ ሥራ ነው ብሎታል። የዚያን ጊዜ ሰው ቁጣ የመጨረሻው ቃል ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረው ያ መጨረሻ ብቻ ነበር።

ወደ ሳቁ ልለፍ። ጸሐፊው ሰዎች በአሳዛኝ ታሪክ መሃል መሳቃቸው አስደንግጧቸዋል። ተውኔቱ ሳያስበው ወደ ቀልድ ወርዷል ይላሉ። ሳቁ የመጣው የልጅነት አስተዳደጓን ስትናገር እንደሆነም ጽፈዋል። እንግዲህ ድርሰቱን ከፍተው ይዩት። ሴትዮዋ ከሌሎች የተጣሉ ሕፃናት ጋር ሆና መሐሪ በሆነ አምላክ እንድታምን ተደርጋ ማደጓን ትናገራለች። «መሐሪ» ከሚለው ቃል በኋላ አጭር ሳቅ፣ «አምላክ» ከሚለው በኋላ ደግሞ ደህና ሳቅ እንድትስቅ ቤኬት ራሱ በመድረክ መመሪያው ጽፎላታል። መጀመሪያ የምትስቀው እሷ ናት። ያ ሁሉ የደረሰባት ሴት ያንን ቃል ስትጠራ ሳቋ ያመልጣታል። ከሷ ጋር የሳቁት ሰዎች ቦታውን አልሳቱም።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚስማማበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ታሪክ የለውም፣ ቃላቱም አይሰሙም፣ ሰው የማይሰማውን ነገር እንዴት ይከታተላል ይላሉ።

ታሪክ አለው። ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የመጣው እንጂ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ጥርት ያለ ነው። ሴትዮዋ ገበያ ስትሄድ ለምሳሌ። ትልቅ የገበያ መደብር ነው፣ ሰው ይተራመሳል። እሷ ቃል አትናገርም። የምትገዛውን የጻፈችበትን ወረቀት ከአሮጌ ጥቁር ቦርሳዋ ጋር ትሰጣለች። ከዚያ በሕዝቡ መሃል ቀጥ ብላ ትቆማለች። አፏ ገርበብ ብሎ ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጣ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢፈጅ ትጠብቃለች። ቦርሳው ተሞልቶ እጇ ላይ ሲመለስ ትከፍላለች፤ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል ትሄዳለች። ዕድሜ ልክ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?

ወይም ደግሞ ሜዳው ላይ የተቀመጠችበትን ቁራጭ ውሰዱ። እጇ ጭኗ ላይ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል። እያየችው ሳለ መዳፏ እርጥብ ይሆናል። እንባ መሆን አለበት ትላለች። የራሷ እንባ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም በአካባቢው ሌላ ሰው የለም። ማልቀሷን ያወቀችው እጇን አይታ ነው። እኔ ይህቺን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ከራሷ የቱን ያህል እንደራቀች የሚያስረዳ ሐኪም ቢመጣ ከዚህ የተሻለ ቃል የሚያገኝ አይመስለኝም።

ፍጥነቱስ? ፍጥነቱ ከራስ መሸሺያ ነው። ሴትዮዋ ሁልጊዜ «እሷ» እያለች ነው የምታወራው። ታሪኩ የራሷ መሆኑ ሊገለጥ ሲቃረብ ሁሉ፣ እኛ የማንሰማው አንድ ድምፅ የሚያርማት ይመስል ትደነግጣለች። «ምን? ማን? አይደለም! እሷ!» ብላ ትጮኻለች። ይህ ተውኔቱ ውስጥ አምስት ጊዜ ይመጣል። «እኔ» ከማለት እየሸሸች ነው የምትሮጠው። በዝግታ ብትናገር ቃሉ ይደርስባታል። ስለዚህ አዘጋጁ ፍጥነቱን መቀነስ ነበረበት የሚለው ምክር ለመስማት ይመች ይሆናል፣ ሴትዮዋን ግን ሌላ ሰው ያደርጋታል።

ቃላቱ ያመለጡት ተመልካችም ብዙ አልቀረበትም። እሷ ራሷም መጀመሪያ ላይ ድምፁን አላወቀችውም። የሚሰማት ቃል ከራሷ አፍ እንደሚወጣ የገባት ዘግይቶ ነው። ዋይትሎም በልምምዱ ወቅት እዚያ ጨለማ ውስጥ ጭንቅላቷ ታስሮ ስትቀመጥ ሚዛኗን አጥታ፣ ጠፈር ውስጥ የምትገለባበጥ እስኪመስላት ድረስ መረበሿን ተናግራለች።  ቃሉን በቃሏ ያጠናችው ተዋናይት መሬቱ ከእግሯ ሥር ከሸሸባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው መደናገሩ ምኑ ይገርማል?

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው ተመልካቹ የሴትዮዋን ሕመም የማወቅ መብት አለው ይላሉ። ምን ሆነች? ስትሮክ ነው? የአእምሮ ሕመም ነው? ማን ምን አደረጋት? ይህ ካልተነገረን እንዴት እናዝንላት ብለው ይጠይቃሉ።

እንደገና ወደ ድርሰቱ ልመለስ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርባለች። በምን እንደተከሰሰች አይነገረንም። ጥፋተኛ ነሽ አይደለሽም ይሏታል። ተነሺ፣ ተናገሪ፣ ለራስሽ ምን የምትይው አለ ይሏታል። እሷ አፏን ገርበብ አድርጋ ባዶውን እያየች ትቆማለች። እንዲወስዷት ትጠብቃለች። ክንዷን የሚይዝ እጅ ሲመጣ ደስ ይላታል። አስቡት፣ ከችሎት የሚያስወጣት እጅ ነው ደስ ያላት። ሰው የነካት ምን ያህል ጊዜ ቢሆን ነው?

«ምን ሆነሽ ነው? አስረጂን» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ እዚያው ተውኔቱ ውስጥ አለ። ጠያቂዎቹ ደግሞ ከሳሾቿ ናቸው። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጠየቁ አልጠራጠርም። ነገር ግን የተሰበረች ሴት ፊታችን ስትቆም መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ይኸው መሆኑን ልብ ማለት አለብን። ምክንያቷን ስታቀርብ ልናዝንላት፣ ካላቀረበች ልንተዋት። የበሽታው ስም ቢነገረን ደግሞ ወዲያው እፎይ እንላለን። «አሃ፣ ለካ እንዲህ ሆና ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ከዚያ በኋላ የምትለውን ሁሉ የምንሰማው እንደ ምልክት እንጂ እንደ ንግግር አይደለም።

ምክንያትና ዝርዝር ሁሉ ተነግሮ ሴትየዋ ጠፍታ የቀረችበትን ጉዳይ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1928 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሩት ስናይደር የምትባል ሴት ባሏን በመግደል ወንጀል በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጣች። የኒው ዮርክ ጋዜጦች ያልጻፉት ዝርዝር አልነበረም። አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ገብቶ የሞቷን ቅጽበት አነሳ፤ ፎቶው በጋዜጣ ፊት ገጽ ወጣ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ታየ። ጋዜጠኛም የነበረችው ሶፊ ትሬድዌል በዚያው ዓመት «ማሺናል» የተባለ ተውኔቷን በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይ አቀረበች። መነሻው ይኸው ጉዳይ ነበር። እሷ ግን ዝርዝሩን ተወችው። በተዋንያን ዝርዝሩ ላይ ሴትየዋ «ወጣት ሴት» ብቻ ናት። በዘጠኝ አጫጭር ትዕይንቶች የጽሕፈት መኪና፣ የሒሳብ ማሽንና የስልክ ጩኸት ሲከባት፣ ሐሳቧ ሲቆራረጥ፣ አየር ሲያጥራት እንሰማለን። ጋዜጦቹ ምን እንዳደረገች በደንብ ነግረውናል። እንዴት እዚያ እንደደረሰች የሰማነው ግን ከዚህ የተቆራረጠ ንግግር ነው።

አድሪየን ኬኔዲም እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበችው ተውኔት ሣራ የምትባል ጥቁር ወጣት ከራሷ ጋር ስትጋጭ ታሳያለች። የሣራ ማንነቶች የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና የኮንጎው መሪ ፓትሪስ ሉሙምባ ሆነው መድረክ ላይ ይመላለሳሉ። እዚያ አንድ የሕመም ስም ቢለጠፍባት ኖሮ ልጅቷን ያደቀቃት የቅኝ ግዛትና የዘር ታሪክ ከስሙ ጀርባ ይደበቅ ነበር።

በአንድ ነጥብ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ አጥብቄም እደግፋቸዋለሁ። አንዲት ተመልካች እያለቀሰች ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን እንደተቀመጠች ጽፈዋል። ይህ መሆን አልነበረበትም። ተውኔቱ ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። የመውጫ በር መብራት ሳይቀር የሚጠፋባቸው ዝግጅቶች አሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያቀርብ ሰው ከበሩ ላይ በግልጽ ማሳወቅ አለበት፦ ጨለማ ነው፣ ስለሚታወክ አእምሮ ነው፣ መውጣት የፈለገ በዚህ በኩል ይውጣ፣ ባትሪ የያዘ ሰው ይመራዋል። ይህን መናገር ተውኔቱን አያለሳልሰውም። ሰውን ነርቩ ላይ ለመንካት አድፍጦ መያዝ አያስፈልግም። በዚህ አዘጋጆቹ ሊወቀሱ ይገባል፣ ተውኔቱ ግን አይደለም። ከጨለማው ለመውጣት የፈለገ ሰው ያለ ኀፍረት መውጣት ከቻለ፣ የቀረው ሰው ፈቅዶ እንደቀረ እናውቃለን።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ ለተባለው መልሱ ቀላል ነው። ተውኔቱ ሲያልቅ ድምፁ አይቆምም። መጋረጃው ይወርዳል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ግን አፉ ማውራቱን ይቀጥላል። ቃሉ አይለይም። የአዳራሹ መብራት ሲበራ ነው ዝም የሚለው። ሰው መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት ግራ ቢገባው ድርሰቱ ራሱ እንደዚያ አድርጎ ስለጻፈው ነው። እያወራ ባለ ሰው ላይ ማን ያጨበጭባል?

በመጨረሻ ጸሐፊው እንዲህ ያለው ነገር ለተማረና ለለመደ ሰው እንጂ ለተራው ተመልካች አይሆንም ይላሉ። ይህን ስሰማ በጣም ይከፋኛል። ለተመልካች የቆመ የሚመስል ንቀት ነውና። የዚሁ ደራሲ «ጎዶን መጠበቅ» እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ለአንድ ሺህ አራት መቶ ያህል እስረኞች ቀርቧል። የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ሴት ተዋናይ ስለሌለበት ነበር ይባላል። የተማሩ ተቺዎች ግራ የተጋቡበትን ተውኔት እስረኞቹ በጸጥታ ተከታተሉት፣ በእስር ቤታቸው ጋዜጣም ጻፉበት። መጠበቅ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። መናገር የፈለገችውን ውጣ የኖረች ሴት ባለችበት ሁሉ ደግሞ «እኔ አይደለሁም»ን የሚረዳው ሰው አለ። ያንን ለማወቅ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል?

ጥግ ላይ ስለቆመው አዳማጭ ጸሐፊው ምንም አላሉም። ለዚህ ክርክር ግን ቁልፉ እሱ ይመስለኛል። ሴትዮዋ «እኔ» ለማለት እምቢ ስትል፣ ከመጨረሻው ጊዜ በስተቀር፣ እጆቹን ከጎኑ አንስቶ መልሶ ይጥላል። ቤኬት ይህ እንቅስቃሴ ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ርኅራኄ እንደሆነ ጽፏል። በተደጋገመ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፣ እምብዛም እስከማይታይ ድረስ። ተመልካቹ ምን እንደሚሆን ደራሲው አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው። ሰምተን የምናደርገው ሲጠፋን፣ ርኅራኄያችንም ሲደክም፣ ይህ ሁሉ እዚያው ተውኔቱ ውስጥ ተጽፏል። የወጣውም፣ የሳቀውም፣ ደንግጦ የተቀመጠውም ከዚያ አዳማጭ ጋር አንድ ሥራ ላይ ነበሩ።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ዋይትሎ የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በ1975 በቢቢሲ ተቀርጿል፣ ካሜራው ከአፏ አይነሳም። ብቻቸውን ሆነው ይዩት። ዙሪያቸውን የሚያዩት ሌላ ተመልካች አይኖርም። ከዚያ ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ እሳቸው ራሳቸው ምን እንደሆኑ ይጻፉልን። ያልወደዱት ከሆነም ያንኑ ይጻፉ፣ አነበዋለሁ።